አቶቶስትሊ ነግሣ ነበርን? የአዝቴክ እመቤቶችና የዙፋን ሐረግ

ብራና ወዳድ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ታዳሚዎች። በዚህ ክር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዛሬዋ ሜክሲኮ ውስጥ በሐይቅ ላይ የነበረችውን የአዝቴኮች መዲና፣ የቴኖችቲትላንን ነገሥታት ዝርዝር የተመለከተ ሰው፣ በ1370ዎቹ ከነገሠው ከአካማፒችትሊ አንሥቶ ከተማይቱ በስፔኖች እጅ እስከወደቀችበት እስከ 1521 ድረስ፣ የአሥራ አንድ ወንዶችን ስም ያገኛል። ዙፋኑ ሁልጊዜ ከአባት ወደ ልጅ አልተላለፈም፤ ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የወንድሙን ልጅ፣ የወንድም ልጅም አጎቱን የተካበት ጊዜ አለ። ከሁሉም ይልቅ ጥያቄ የሚያስነሣብኝ ግን በ1469 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ቀዳማዊ ሞክቴዙማ ሲሞት የነገሠው የሴት ልጁ ልጅ አሻያካትል ነበር። የአሻያካትል እናት አቶቶስትሊ የሟቹ ንጉሥ ልጅ ስትሆን፣ አባቱ ቴሶሶሞክ ደግሞ ከሞክቴዙማ በፊት የነገሠው የኢትስኮአትል ልጅ ነው። ቴሶሶሞክ ራሱ በዙፋን ላይ አልተቀመጠም። ሦስቱ ልጆቻቸው አሻያካትል፣ ቲሶክና አዊትሶትል ግን እየተከታተሉ እስከ 1502 ድረስ ገዝተዋል። ሁለቱ ቤቶች የተጋጠሙት በዚህች ሴት ነው ማለት ነው።

በስፔን አገዛዝ መጀመሪያ ላይ የተጻፉ ሁለት ሰነዶች፣ ቀዳማዊ ሞክቴዙማ ወንድ ወራሽ ስላልነበረው ይህች ልጁ እንደገዛች ይናገራሉ። በ1540ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የተዘጋጀውና የሜንዶሳ ጥራዝ በመባል የሚታወቀው ሥዕላዊ መጽሐፍ ግን ዘጠኝ ነገሥታትን በየተራ ከነድሎቻቸው ሲያሳይ እርሷን አይጨምርም። የትኛውን እንመን?


ወለተ ሰንበት እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሁለቱን ሰነዶች ከማመንም ከመጣልም በፊት ያስጻፋቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ያስጻፋቸው ሁዋን ካኖ የተባለ ስፔናዊ ሲሆን፣ በ1530ዎቹ መጀመሪያ የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ከአገሬው ሽማግሌዎችና ከሥዕላዊ መጻሕፍት አጠናቅረው ጽፈውለታል። ሁዋን ካኖ ደግሞ ስፔኖች ሲመጡ በዙፋን ላይ የነበረው የዳግማዊ ሞክቴዙማ ልጅ የነበረችው የቴክዊችፖችትሲን ባል ነው፤ በክርስትና ስሟ ወይዘሮ ኢሳቤል ትባላለች።

ሰውዬው ለስፔን ንጉሥ ያቀረበው አቤቱታ ግልጽ ነበር። ሚስቱ የሞክቴዙማ ብቸኛ ሕጋዊ ወራሽ ስለሆነች የአባቷ የግል ርስት ሊመለስላት ይገባል ይላል። ለዚህ ክርክር፣ ከስድሳ ዓመት በፊት አንዲት የንጉሥ ልጅ አባቷን ወርሳ ነበር ከሚል ቃል የበለጠ የሚጠቅም ምስክር አይገኝም። አቶቶስትሊ ከገዛች ኢሳቤልም ትወርሳለች። ስለዚህ እኔ ያንን ዐረፍተ ነገር የማነበው እንደ ውርስ ክስ አቤቱታ ነው፤ የታሪክ ዜና መዋዕል አድርጎ መቀበል ይከብደኛል።


ደጀ ብርሃን እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

እህቴ ወለተ ሰንበት፣ ሰነዶቹን ያስጻፈውን ሰው ጥቅም ማየትሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ክስ ያለበት ሰው ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም። ጠበቃ የሚመርጠው ለደንበኛው የሚበጀውን እውነት ነውና፣ ካኖ ያገኘውን ወሬ አጎላ እንጂ ከምንም ፈጠረ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል።

በሌላውም ወገን ያሉት ምንጮች ከጥቅም ነጻ አይደሉም። ለመነኩሴው ሳሃጉን የተናገሩት ሽማግሌዎች ኢትስኮአትል በነገሠ ጊዜ የጥንቱ የታሪክ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ መደረጉን መስክረዋል። ኢትስኮአትል የአካማፒችትሊ ልጅ ይሁን እንጂ እናቱ ከአስካፖትሳልኮ ከተማ የመጣች ባሪያ ነበረች፤ ይህ ሰው የትውልድ ሐረግ የተሳለባቸውን መጻሕፍት ማቃጠሉ ለእኔ እንግዳ ነገር አይሆንብኝም። ከዚያ ወዲህ የተሳለው ሁሉ በእርሱና በተከታዮቹ ቤት ዓይን የተሳለ ነው። የሜንዶሳ ጥራዝም ቢሆን ከወረራው በኋላ ለስፔን ሹማምንት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የነገሥታቱ ክፍል የተዋቀረው እያንዳንዱ ገዥ ባስገበራቸው ከተሞች ነው። ዘመቻ ያልመራ ሰው በዚያ ገጽ ላይ ቦታ የለውም።


ሐይቅ ማዶ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ አቶቶስትሊ ከመከራከራችን በፊት ወደ ሥርወ መንግሥቱ መነሻ መመለስ ያሻል፤ ምክንያቱም ያው ጥያቄ እዚያም ይገኛል።

ሜሺካዎች፣ ማለትም ቴኖችቲትላንን የመሠረቱት አዝቴኮች፣ በ1325 በሐይቁ መካከል ባለው ደሴት ላይ ሲሰፍሩ የተናቁ ስደተኞች ነበሩ። በአካባቢው የከበረው ዘር የጥንቶቹ ቶልቴኮች ዘር ነበርና፣ ያንን ዘር አለን የሚሉት ደግሞ የጎረቤቷ ከተማ የኩልዋካን መሳፍንት ነበሩ። በመነኩሴው ዱራን ትረካ መሠረት ሜሺካዎች ገና ደሴቲቱ ላይ ከመስፈራቸው በፊት የኩልዋካኑን ገዥ ልጁን እንዲሰጣቸውና እንደ አምላክ እንደሚያከብሯት ለምነውት ነበር። ሰጣቸው። በበዓሉ ላይ እንዲገኝ ተጠርቶ በጨለማው መቅደስ ውስጥ ሲያጥን፣ የዕጣኑ እሳት ሲበራ ያየው የልጁን ቆዳ የለበሰ ካህን ነበር። ሜሺካዎች ተባርረው ወደ ረግረጉ የገቡት በዚህ ነው ይላል ትረካው። ይህ እንደተባለው ይፈጸም አይፈጸም፣ ዘመናቸውን በኩልዋካን ልዕልት መጀመራቸው ልብ ይባል።

ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ንጉሥ ሲያስፈልጋቸው ደግመው ወደ ኩልዋካን ሄዱ። የመጀመሪያው ንጉሥ አካማፒችትሊ የሜሺካ አባትና የኩልዋካን እናት ልጅ ነበር፤ የእናቱም ስም አቶቶስትሊ ይባላል። አዎን፣ ከዘጠና ዓመት በኋላ መላውን ክርክር ያስነሣችው ሴት ስም ነው። ከእርሱ ጋር ኢላንኩዌይትል የተባለች የኩልዋካን እመቤት ትጠቀሳለች። አንዳንዱ ምንጭ ሚስቱ ናት ይላል፤ ሌላው አክስቱና አሳዳጊው፣ ሌላውም እናቱ ያደርጋታል። ዱራን የሚለውን ብንከተል፣ ንግሥቲቱ መካን ስለነበረች የሠፈር አለቆቹ እያንዳንዳቸው ሴት ልጆቻቸውን ለንጉሡ ሰጡ። ንግሥቲቱ ግን ለባሏ አንድ ልመና አቀረበች። ከሌሎቹ ሚስቶች አንዷ በወለደች ጊዜ ሕፃኑ ወደ እርሷ ይምጣ፣ እርሷም እንደ አራስ ተኝታ ታቅፋው ትቆይ፣ ጠያቂዎችም መጥተው እንኳን ማርያም ማረችሽ እንደማለት ያለውን ደስታቸውን ለእርሷ ይግለጹላት። ንጉሡም ፈቀደ።

ይህ ትረካ ስለ አንዲት ሴት ኀዘን ብቻ የሚናገር አይመስለኝም። የሠፈር አለቆቹ ሴት ልጆች የወለዷቸው ልጆች በደማቸው የሜሺካ ናቸው፤ በኢላንኩዌይትል ዕቅፍ ሲያልፉ ግን የኩልዋካን ልጆች ሆኑ። ከዚያ በኋላ የቴኖችቲትላን መሳፍንት በሙሉ ራሳቸውን ኩልዋዎች ብለው መጥራት ቻሉ።


ጠያቂው እንዲህ ሲል ጽፏል፦

በጣም ደስ የሚል ውይይት ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ንጉሡ ብዙ ሚስቶችና ቁባቶች ካሉት፣ ከእነዚህ ሁሉ የትኛዋ ልጅ እንደሚነግሥ የሚወሰነው በምንድን ነው? የአባትየው ዘር ለሁሉም አንድ አይደለምን?


ሐይቅ ማዶ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የነገሩ ሥር ነው። አባት ለሁሉም አንድ ስለሆነ ልዩነቱን የሚያመጣው የእናት ወገን ነው። ንጉሡን የሚመርጠው የመሳፍንቱ ጉባኤ ነበርና ችሎታና የጦር ስም ይቆጠሩ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹ ውስጥ ግን የሚከብደው እናቱ የታላቅ ገዥ ልጅ የሆነችው ነው። ኢትስኮአትልን የመሰለ የባሪያ ልጅ የነገሠው ጦርነት በደጅ ቆሞ ሳለ ነበር።

በሐይቁ ዙሪያ የነበሩት ከተሞች እያንዳንዳቸው ትላቶአኒ የሚባል ገዥ ነበራቸው። የበላዩ ገዥ ልጁን ለገባሩ ገዥ ሲድር፣ ያቺ ሙሽራ ዋና ሚስት እንድትሆንና ልጇም ወራሽ እንዲሆን ይጠበቃል። እንዲህ ሲሆን በሚቀጥለው ትውልድ የገባሩ ከተማ ገዥ የበላዩ የልጅ ልጅ ወይም የእህት ልጅ ይሆናል። በጦር የተያዘ ከተማ ሊያምፅ ይችላል፤ አያቱ ላይ የሚያምፅ ግን ጥቂት ነው። በሐይቁ ምሥራቅ የነበረችው ከተማ፣ የቴሽኮኮ ነገሥታት ሴት ልጆቻቸውን በሥራቸው ላሉት ገዥዎች በመዳር አውራጃቸውን በሙሉ በአማችነት አስረውት ነበር።

ሜሺካዎች ራሳቸው መጀመሪያ በዚህ ሥርዓት የታችኞቹ ነበሩ። ሁለተኛው ንጉሥ ዊትሲሊዊትል፣ ሜሺካዎች ይገብሩለት የነበረውን የአስካፖትሳልኮን ኃያል ገዥ የቴሶሶሞክን ልጅ አያውሲዋትልን አገባ (ይህ ቴሶሶሞክ ከአቶቶስትሊ ባል ጋር በስም ብቻ ይገናኛል)። ቺማልፖፖካን በወለደች ጊዜ አያትየው በልጅ ልጁ ደስ ብሎት ከባዱን ግብር አነሣላቸውና ሁለት ዳክዬ፣ ጥቂት ዓሣና እንቁራሪት፣ ሌላም የሐይቅ ፍሬ ብቻ እንዲያመጡ አደረገ ይባላል። ሕፃኑ አድጎ ነገሠ። ነገር ግን አያቱ በ1426 ሲሞት ጥበቃውም አብሮ ሞተ፤ ቺማልፖፖካ ብዙ ሳይቆይ ተገደለ፤ በ1428 ደግሞ ኢትስኮአትል ከቴሽኮኮው ነሳዋልኮዮትል ጋር ሆኖ አስካፖትሳልኮን አፈረሰ። ነሳዋልኮዮትልም ቢሆን በእናቱ የዊትሲሊዊትል የልጅ ልጅ ነበር።

የዊትሲሊዊትል ሌላኛዋ ሚስት ሚያዋሺዊትል ከደቡብ፣ ጥጥ ከሚበቅልበት ከኳውናዋክ የመጣች ናት። በደሴቲቱ ላይ ጥጥ አይበቅልም ነበርና ሜሺካዎች የሚለብሱት ከቃጫ የተሠራ ሻካራ ጨርቅ ነበር። የአገሬው ትረካ እንደሚለው የልጅቷ አባት ጠንቋይ ስለነበር ልጁን በሸረሪት፣ በእባብ፣ በጊንጥና በሌሊት ወፍ ያስጠብቃት ነበር፤ ሽማግሌ ሲላክበትም የረግረግ ሰው ለልጄ ምን ሊሰጣት ነው ብሎ መለሳቸው። ዊትሲሊዊትል በውስጡ የከበረ አረንጓዴ ድንጋይ ያለበት ፍላጻ ወርውሮ ግቢው ውስጥ ጣለ። ልጅቷ አነሣችው፣ ድንጋዩን በጥርሷ ስትሞክረው ሳታስበው ዋጠችው፣ ከዚያም ፀነሰች። የተወለደው ቀዳማዊ ሞክቴዙማ ነው። የአቶቶስትሊ አባት ማለት ነው።


ዘነበ ወርቅ እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

እስካሁን የተባለው ሁሉ ጋብቻው ሲሠራ ነው። ሳይሠራስ?

በደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል ትላቴሎልኮ የምትባል እኅት ከተማ ነበረች፤ የራሷ ገዥ፣ የራሷ ቤተ መቅደስና በሐይቁ ዙሪያ ተወዳዳሪ የሌለው ገበያ ነበራት። የአቶቶስትሊ ልጅ፣ የአሻያካትል እኅት ቻልቺውነነትሲን ለገዥዋ ለሞኪዊሽ ተዳረች። ቺማልፓይን የተባለው የናዋ (አዝቴኮችም የሚገኙበት የናዋትል ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብ) ተወላጅ ጸሐፊ በሥራዎቹ ያቆየልን ዜና መዋዕል የቤቱን ውስጥ ነገር ሳይሸፍን ይናገራል። ልጅቷ ቀጭንና ደካማ ነበረች፣ አፏም ይሸት ነበርና ባሏ አይቀርባትም። ወንድሟ የላከላትን መልካም መልካም ልብስ ሁሉ ነጥቆ ለቁባቶቹ ይሰጣል። እርሷ በሻካራ ጨርቅ ተጠቅልላ በወፍጮዎቹ መካከል ጥግ ላይ ትተኛለች፤ ይደበድባትም ነበር። በመጨረሻ ወደ ወንድሟ ተመልሳ የደረሰባትን በደል ሁሉ ነገረችው፤ ሞኪዊሽ ጦርነት እያሰበ መሆኑንም ጨምራ አስታወቀችው።

በ1473 አሻያካትል ትላቴሎልኮን ወጋ። ሞኪዊሽ ከቤተ መቅደሱ ራስ ወድቆ ሞተ፤ በሜንዶሳ ጥራዝም ሲወድቅ ተሥሏል። ከተማይቱ ከዚያ በኋላ የራሷ ትላቶአኒ አልነበራትም፤ በቴኖችቲትላን በተሾሙ ሰዎች ትተዳደር ጀመር።


ደጀ ብርሃን እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

እህቴ ዘነበ ወርቅ ትረካውን በጥሩ ሁኔታ አቅርበሽዋል፤ ጦርነቱን ግን በአንዲት ሴት እንባ አናሳብ። የትላቴሎልኮ ገበያ የነጋዴዎቹ ሁሉ መናኸሪያ ነበር፤ ሁለት ዙፋን በአንድ ደሴት ላይ ደግሞ ለቴኖችቲትላን የማይዋጥ ነገር ነበር። የልዕልቲቱ በደል ሰበብ ነው።


ዘነበ ወርቅ እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

ሰበብ መሆኑን አልክድም፤ ግን ሰበብ የሚሆነው ምን ዓይነት በደል እንደሆነ ይመልከቱ። ሞኪዊሽ ሚስቱን ሲገፋ የገፋው ከእርሷ የሚወለደውን ወራሽ ነው። የቴኖችቲትላን የእኅት ልጅ ትላቴሎልኮን ሊወርስ አይችልም ማለቱ ነበር። ነገሩ የቤት ጠብ የሚመስለው በእኛ ዓይን ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ዋና ሚስትን ወደ ወፍጮ ቤት ማውረድ ግብር አልከፍልም ከማለት አይተናነስም።

ከዚህ በፊትም ሆኗል። የቴሽኮኮ ገዥ የነበረው የነሳዋልኮዮትል አባት የአስካፖትሳልኮውን የቴሶሶሞክን ልጅ ዋና ሚስት ሳያደርግ የቴኖችቲትላኗን ልዕልት አከበረ። አስካፖትሳልኮ ዘመተችበት፤ በ1418 ተገደለ፤ ልጁም ለዓመታት ተሰደደ።


ወለተ ሰንበት እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

ዘነበ ወርቅ ያለችውን እቀበላለሁ። ወደ ቴሽኮኮ ከገባን ግን ምንጮቻችንን እንደገና እንፈትሽ፤ ስለ ቴሽኮኮ የምናውቀው ብዙው ነገር የሚመጣው ከወረራው በኋላ ከጻፈው የቴሽኮኮ ነገሥታት ዘር ከሆነው የታሪክ ጸሐፊ ከፈርናንዶ ደ አልቫ ኢሽትሊልሾቺትል ነውና።

እርሱ እንደጻፈው ነሳዋልኮዮትል ዋና ሚስት ሳያገኝ ቆይቶ ሳለ፣ በአንድ ገባሩ ቤት አስካልሾቺትሲን የተባለች፣ ለዚያው ገባር የታጨች ወጣት አየ። ሰውዬውን ወደ ትላሽካላ ጦርነት ልኮ በብርቱው ውጊያ ፊት እንዲቆም አስደረገና ከሞተ በኋላ ልጅቷን አገባ፤ ከእርሷም ነሳዋልፒሊ ተወለደ። ከመዝሙረ ዳዊት ጋር ላደገ የዚህ መድረክ አንባቢ የኦርዮንና የቤርሳቤህን ታሪክ ማስታወስ አያሻም። ኢሽትሊልሾቺትል ክርስቲያን ነበር፤ ነሳዋልኮዮትልንም ጣዖትን የተጠራጠረ፣ ቅኔ የሚደርስ፣ እንደ ዳዊት ያለ ንጉሥ አድርጎ ማቅረብ ይወድ ነበር። ንስሐ የሚገባበት ኃጢአትም አስፈለገው። ነሳዋልፒሊ አግብቷት የነበረችው የአሻያካትል ልጅ በምንዝር ተከስሳ በአደባባይ ተገደለች የሚለውም ትረካ ከእርሱ የመጣ ሲሆን፣ የቴኖችቲትላን ልዕልት ክፉ፣ የቴሽኮኮ ንጉሥ ጻድቅ ፈራጅ ሆነው የሚታዩበት ታሪክ ነው።

የሚገርመው ግን የጸሐፊው የራሱ ቤት ነው። ነሳዋልኮዮትል ልጁን ለቴኦቲዋካን ገዥ ድሮ ነበር። ከወረራው በኋላ ያው የባላባትነት ርስት ወንድ ወራሽ በማጣቱ ከአባት ወደ ሴት ልጅ፣ ከእርሷም ደግሞ ወደ ሴት ልጇ ተላለፈ፤ ይህችኛዋ የኢሽትሊልሾቺትል እናት ናት። ቤተ ሰቡ ርስቱን ለማቆየት በስፔን ፍርድ ቤቶች ሲሟገት ኖሯል። የሁለቱንም ከተሞች ታሪክ ያገኘነው በእናትና በሚስት በኩል ርስት ከሚጠይቁ ሰዎች እጅ ነው ማለት ነው።


ብራና ወዳድ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

እህቴ ወለተ ሰንበት፣ ይህ የመጨረሻው ነጥብሽ ለጥያቄዬ ከማንም የቀረበ መልስ ነው። እስቲ ስለ ወይዘሮ ኢሳቤል ራሷ የምታውቁትን ጨምሩልን።


ወለተ ሰንበት እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

በ1509 ወይም በ1510 ገደማ የተወለደች ስትሆን፣ በ1520 አባቷ ሲሞት ገና የአሥር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷን የተካው ኩይትላዋክ አገባት፤ ከሦስት ወር ሳያልፍ በፈንጣጣ ሞተ። ቀጥሎ የነገሠው ኳውቴሞክ አገባት። ኳውቴሞክ የአዊትሶትል ልጅ ነበርና የራሱ የዘር መብት ነበረው፤ ቢሆንም የሟቹን ንጉሥ ልጅ ማግባት አስፈልጎታል። ነሐሴ 13 ቀን 1521 በታንኳ ሲያመልጥ አብራው ተማረከች። በ1525 የስፔን ወራሪዎች መሪ ኮርቴስ ወደ ሆንዱራስ ሲዘምት ይዞት ሄዶ በመንገድ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጥሞና አስተውሉ። በሰኔ ወር 1526 ኮርቴስ የታኩባን ከተማ፣ ማለትም የጥንቷን ትላኮፓንን፣ ከሥሯ ካሉ መንደሮች ጋር በኤንኮሚየንዳ ለኢሳቤል ሰጣት፤ 1240 ቤቶች ያሉበት ግዛት ነው። ኤንኮሚየንዳ በእኛ አነጋገር ጉልት ልንለው የምንችለው ነው፤ መሬቱ የባለቤቶቹ ሆኖ ግብሩና ጉልበቱ የተቀባዩ ይሆናል። በዚያ ሰነድ ላይ ኮርቴስ፣ ሞክቴዙማ ሊሞት ሲል ሴቶች ልጆቹን አደራ እንደሰጠው ይናገራል። አደራው ተባለም አልተባለም ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሞክቴዙማ ግዛቱን በፈቃዱ ለስፔን ንጉሥ ያስረከበ ወዳጅ ከሆነ ልጁ የምትካስ ወራሽ ናት፣ ወራሪዎቹም በሕግ የገቡ ናቸው።

ወዲያውም አሎንሶ ደ ግራዶ ለተባለ ሹም ዳራት። እርሱ ሲሞት ኮርቴስ ወደ ገዛ ቤቱ ወሰዳት፤ ፀነሰች፤ ነፍሰ ጡር ሳለች ፔድሮ ጋዬጎን እንድታገባ ተደረገ። ከኮርቴስ የወለደቻት ሌኦኖር በሰው እጅ አደገች። ከፔድሮ ጋዬጎ ሁዋን ደ አንድራዴን ወለደች፤ ጋዬጎ ሲሞት ሁዋን ካኖን አገባችና ሌሎች ልጆች አፈራች። በሃያ ሁለት በሃያ ሦስት ዓመቷ አምስት ባል ማግባቷ ነው፤ ከአምስቱም ስንቱን ራሷ እንደመረጠች መገመት አያዳግትም። በ1550 ስትሞት በኑዛዜዋ በቤቷ ያሉ የአገሬው ተወላጅ ባሮች ነጻ እንዲወጡ አዝዛለች። የታኩባን ሀብት በተመለከተ ግን የአንድራዴና የካኖ ልጆች ከሞተች በኋላ ለዓመታት ተካስሰዋል።


ጠያቂው እንዲህ ሲል ጽፏል፦

ሌሎች የሞክቴዙማ ልጆች አልነበሩምን? ብቸኛዋ ወራሽ ናት የተባለው በምን ሕግ ነው?


ሐይቅ ማዶ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ነበሩ እንጂ። ችግሩ የስፔን ሕግ ሕጋዊ ልጅ የሚለው ከአንድ ሕጋዊ ሚስት የተወለደውን ብቻ መሆኑ ነው፤ የሞክቴዙማ ቤት ደግሞ ብዙ ሚስቶች የነበሩበት ቤት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የእናቱን ጋብቻ እውነተኛው ጋብቻ ማድረግ ነበረበት። ሁዋን ካኖ በ1544 ከታሪክ ጸሐፊው ከኦቪዬዶ ጋር በሳንቶ ዶሚንጎ ተገናኝቶ ሲነጋገር፣ የኢሳቤል እናት የአዊትሶትል ልጅ እንደነበረችና በሠርጓ ላይ ልብሷ ከሞክቴዙማ ካባ ጋር እንደታሰረ፣ ይህም የአገሩ ሕጋዊ የጋብቻ ሥርዓት እንደሆነ ተናግሯል። የአንድ ቋጠሮ ጨርቅ ጉዳይ የግዛት ክርክር ሆነ።

በሌላው ወገን የቆመው ወንድሟ ፔድሮ ነው። እናቱ የቶላን ገዥዎች ዘር ነበረች፤ ቶላን ደግሞ የቶልቴኮች ከተማ ተብላ የምትከበር ናትና የእርሷ ወገን ደካማ አልነበረም። የፔድሮ ልጅ ወደ ስፔን ተሻግሮ በዚያው አገባ፤ በ1627 ዘሮቹ የስፔን የመኳንንት ማዕረግ፣ ኮንዴነት፣ ተሰጣቸው። ሦስተኛዋ ባለ ማዕረግ ሴት ነበረች፤ ባሏ ሆሴ ሳርሚየንቶ በሚስቱ ማዕረግ የሞክቴዙማ ኮንዴ ተብሎ ከ1696 እስከ 1701 የሜክሲኮ እንደራሴ ሆነ። ለተለያዩ የሞክቴዙማ ዘሮች ይከፈል የነበረው ጡረታ ሜክሲኮ ነጻ ከወጣች በኋላም ቀጥሎ በ1930ዎቹ ነው የቆመው።


ደጀ ብርሃን እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ወደ ብራና ወዳድ ጥያቄ ልመለስ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በምሁራን ዘንድ የሚታወቅ አንድ ክርክር አለ። ኢላንኩዌይትል በመጀመሪያ፣ አቶቶስትሊ በመካከል፣ ኢሳቤል በመጨረሻ ሆነው ሦስቱም አንድ ዓይነት ቦታ ይይዛሉ፤ ዘሩ የሚያልፍባቸው፣ እናትም ሚስትም ልጅም ሆነው የሚታዩ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የቀደሙት ሁለቱ የተቀረጹት ከወረራው በኋላ፣ ኢሳቤልን እያዩ ነው ይላል ክርክሩ።

እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም። የአቶቶስትሊና የቴሶሶሞክ ጋብቻ፣ ሦስት ልጆቻቸውም መንገሣቸው ከካኖ ጋር ምንም ጥቅም በሌላቸው የናዋ ጸሐፍት ዘንድም ይገኛል። ሴት ገዥ ማለትም ለናዋዎች እንግዳ አልነበረም፤ በቻልኮ በኩል ባሉ ከተሞች ቺማልፓይን የሚጠቅሳቸው ገዥ ሴቶች አሉ። ስለዚህ እርሷ እንደ ወንዶቹ ተመርጣ፣ ጦር መርታ፣ ምርኮ አቅርባ ነገሠች ለማለት የሚያበቃ ነገር አላይም፤ አባቷ ሞቶ ልጇ እስኪመረጥ ድረስ ግን ሥልጣኑ የቆመው በእርሷ ቤት መሆኑ አያጠራጥረኝም።


ወለተ ሰንበት እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

ጋሼ ደጀ ብርሃን፣ ከዚህ ላይ ብንለያይም አንድ ነገር ልጨምር። የአቶቶስትሊ ቤት ከቴኖችቲትላን ውጭም ጉዳት አድርሷል። በ1515 ነሳዋልፒሊ ሲሞት የልጅ ልጇ ዳግማዊ ሞክቴዙማ የገዛ እኅቱን ልጅ ካካማን በቴሽኮኮ ዙፋን ላይ አስቀመጠ። ሌላው የነሳዋልፒሊ ልጅ ኢሽትሊልሾቺትል አምፆ የግዛቱን ሰሜናዊ ክፍል ያዘ፤ ስፔኖች ሲመጡም ከኮርቴስ ጋር ተሰልፎ ቴኖችቲትላንን ከበበ። የታሪክ ጸሐፊው ኢሽትሊልሾቺትል ስሙን የወረሰው ከዚህ ቀደምት አባቱ ነው፤ ጸሐፊው ስለ ቴኖችቲትላን ልዕልቶች የጻፈውን ስናነብ ይህንንም በሚዛን ላይ እናኑረው።


ብራና ወዳድ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቺማልፓይን ስለ ቻልኮ ገዥ ሴቶች የጻፈው ራሱን የቻለ ክር የሚያስከፍት ስለሆነ፣ ጋሼ ደጀ ብርሃን ቢጀምሩልን በዚያ እንቀጥላለን።